ሁዳዴን የጾመው ዋሽንት

ዋሽንት አራት ቀዳዳ አለው ብሎ ያስተማራችሁ ሰው ካለ አምስተኛውን ደብቋችኋል። አምስተኛው ቀዳዳ የሚገኘው፣ ፀጉሩ ከሸበተ በኋላ ዋሽንት ልማር ብሎ የተነሣ ሰው ጭንቅላት ላይ ነው። ማስረጃ አምጣ ካላችሁኝ ባርኔጣዬን አወልቅላችኋለሁ።

ተበድያለሁ። ማን በደለህ ብትሉኝ፣ ሸምበቆ በድሎኛል። የንስሐ አባቴ በድለውኛል። አያ ፈንታው የሚባል ዋሽንት ሻጭ በድሎኛል። ከደላንታ የመጡ ሰርገኞችማ የሠሩኝን ግፍ ወደ ኋላ እነግራችኋለሁ። ሚስቴን ትርንጎን ከበዳዮቼ መሀል አልቆጥራትም፤ እሷ መበደል የዘወትር ሥራዋ ነው።

ላሊበላ ውስጥ አስጎብኚ ነኝ። እንጀራዬ ምላሴ ነው። አንድ ድንጋይ አሳዩኝና እስኪመሽ አወራላችኋለሁ፤ ድንጋዩ ቢሰለቸው እንኳ እኔ አልሰለችም። ዘንድሮ እንግዳ ቀንሷል፤ ስለዚህ የማወራለት ሰው ሳጣ ወሬው ሆዴ ውስጥ እየተጠራቀመ ይነፋኛል። ታዲያ ይኼን ሁሉ ምላስ የሰጠ አምላክ አንድ ነገር ነፍጎኛል፤ ሰው መሸኘት አልችልም። የምወደው ሰው ሲሄድ ወይ ቀልድ አመጣለሁ፣ ወይ የመኪናውን ጎማ በእግሬ መታ መታ እያደረግሁ «አየር አለው» እላለሁ። ልጄ ሐረግ ዩኒቨርሲቲ ስትገባ የተሰናበትኳት እንደዚያ ነው። ጎማው አየር ነበረው። እኔ ነበርኩ ያልነበረኝ።

ነገሩ የተጀመረው ግን ሐረግ ሳትወለድ ነው። በልጅነታችን ከገበያው በታች ቪዲዮ ቤት ነበር። ጄኔሬተሩ ከፊልሙ በላይ ይጮኻል፣ አግዳሚው መቀመጫ ሱሪ ይቀድዳል። እዚያ አንድ የፈረሰኛ ፊልም ይታይ ነበር። ርዕሱን አትጠይቁኝ፤ የቪዲዮ ካሴቱ ክር መጀመሪያው ተበጥሶ የተቀጠለ ስለነበር ከተማው በሙሉ ፊልሙን ያየው ከመሀሉ ነው። ሰውዬው ፈረሱ ላይ ሆኖ ይሄዳል፣ ሴቲቱ መስኮት ላይ ሆና ታየዋለች፣ ዜማው ይመጣል። ዜማውን ዓለም ያውቀዋል። ከየትም አገር የመጣ እንግዳ ፊት ሁለት መስመር ባንጎራጉር «አሃ» ይለኛል። ትርንጎ ያን ጊዜ ከአክስቷ ልጅ ጋር ትመጣ ነበር፤ ፈረሱ በሄደ ቁጥር ታለቅሳለች። እኔም ከኋላ ጠጋ ብዬ፣ ይህን ዜማ አንድ ቀን በዋሽንት እነፋልሻለሁ አልኳት። ዋሽንት ይዤ አላውቅም። ጎረምሳ የማይዘውን ሁሉ ይሰጣል።

ትርንጎ አገባችኝ። ለዋሽንቱ ብላ አይደለም ትላለች። ለምን እንደሆነም አልነገረችኝም።

ሐረግ ተወለደች። ትከሻዬ ላይ አድርጌ ያንን ዜማ ሳንጎራጉርላት ነው የምትተኛው። ታዲያ ልጅቷ ጆሮ አላት፤ እንቅልፍ እንቅልፍ ሲለኝ አንዷን ድምፅ ካለፍኳት፣ ተኝታለች ያልኳት ልጅ ራሷን ቀና አድርጋ «አባዬ፣ ዘለልክ» ትለኛለች። ከመጀመሪያው እጀምራለሁ። ስንት ሌሊት አንዲት ድምፅ ዘልዬ ስንት ጊዜ እንደ ጀመርኩ እግዜር ይቁጠረው።

አደገች፣ ተማረች፣ ደላንታ፣ ወገል ጤና ከተማ፣ መምህርት ሆና ተመደበች። ከዚያም አንድ የደላንታ ጎረምሳ አያትና ሽማግሌ ላከ። ጎረምሳው ምንም አይወጣለትም፤ ይህም አንዱ ያናደደኝ ነገር ነው፤ ሰው እንዴት አንድ እንከን እንኳ ይዞ አይመጣም? ሰርጉ ከፋሲካ በኋላ እንዲሆን ተቆረጠ። በማግሥቱ ሐረግ ደወለች።

«አባዬ፣ ስትሸኘኝ ያንን ዜማ በዋሽንት ንፋልኝ።»

«ለእናትሽ ነበር እኮ ቃል የገባሁት።»

«እማዬ ጠብቃ ጠብቃ ለእኔ አውርሳኛለች። ደግሞ ጎማ እንድትመታብኝ አልፈልግም።»

ይቺን የመጨረሻዋን ስትል አልሳቀችም። እኔም፣ ቀላል ነው አልኳት። «ቀላል» የሚለውን ቃል የፈጠረው ሰው የት እንደሚኖር ባውቅ ሄጄ እከሰዋለሁ።

ቅዳሜ ገበያ ወጣሁ። አያ ፈንታው እዚያ ጥግ ዋሽንት የሚሸጥ ሰው ነው፤ በጆንያ ሙሉ ሸምበቆ ይዞ ይቀመጣል፣ ከሚሸጠው የሚያወራው ይበልጣል፣ ካልነፋ ይሳደባል። ይኼ ሁሉ ለምንህ ነው ብዬ ብጠይቀው፣ ለየቅኝቱ የየራሱ አለው፣ ነፊ ነኝ የሚል ሰው ቢያንስ አራቱን ይይዛል አለኝ። የነጋዴ ዘዴ መሰለኝ። እኔም እኮ ቱሪስት ወደ ወዳጄ ሱቅ ስወስድ እንዲህ ነው የምለው። አንዱ ይበቃኛል አልኩት። አያ ፈንታው እኔን አየኝ፣ ሸምበቆውን አየ፣ «ይሁን» አለ። ጉድ ያደረገችኝ ይቺ «ይሁን» ናት።

የቅበላ ሳምንት ነበር። ቤት ገባሁና ነፋሁ። ምንም። ከንፈሬን አሹዬ ነፋሁ። ፍስስ። በግራ አልኩ፣ በቀኝ አልኩ፣ ትንፋሼን ከእግር ጥፍሬ ስቤ ስለቀው ቤቱ ዞረብኝና ቁጭ አልኩ። ትርንጎ ከጓዳ ወጥታ አየችኝና ደም ግፊትህ ነው ብላ ነጭ ሽንኩርት ሰጠችኝ። ነጭ ሽንኩርት በልቶ ዋሽንት መንፋት ምን ማለት እንደሆነ የነፋ ያውቀዋል፤ ትንፋሹ ተመልሶ የሚመጣው ወደ ራስ ነው። ሳምንቱ ሲያልቅ ድምፅ ወጣ። ድምፅ ነው ወይ ካላችሁ፣ በር ሲከፈት እንደሚወጣው ያለ ነው። የሰፈሩ ውሻ ግን እንደ ዘፈን ተቀብሎ ከጎኔ ተቀምጦ አብሮኝ ያላዝን ጀመር።

ሁዳዴ ገባ። እኔ ግን መንፋቴን አላቆምኩም። በመጀመሪያው ሳምንት የንስሐ አባቴ አባ ወልደ ሰንበት በሬን አንኳኩ። ገቡ፣ ባረኩ፣ ተቀመጡ፣ ቤቱን ዙሪያውን አዩ።

«እዚህ ቤት የታመመ አለ ብለውኝ ነው የመጣሁት» አሉ።

«ኧረ ማንም የለም አባቴ።»

«ታዲያ ሲያቃስት የሚሰማው ማን ነው?»

ትርንጎ በጣቷ አመለከተችኝ። በትዳር ውስጥ እንዲህ ያለ ፍጥነት ሌላ ጊዜ አታሳይም። ዋሽንቱን ከትራሱ ሥር አውጥቼ አሳየኋቸው፤ የልጅቷን ነገር፣ የፊልሙን ነገር፣ ሁሉን አስረዳሁ።

«በሁዳዴ ዋሽንት?» አሉ።

«አባቴ፣ እስካሁን እኮ ዘፈን የሚመስል ነገር አልወጣውም።»

«እሱን ሰፈሩም መስክሮልሃል» አሉ። ደግ ሰው ናቸው፤ ሐረግን ያጠመቋት እሳቸው ናቸው። «እንግዲህ ጣትህ ይማር፣ አፍህ ይጹም» ብለው ፈረዱ።

በላስታ ምድር እንዲህ ያለ ፍርድ ተሰምቶ አያውቅም። ሁዳዴን ሙሉ ሳልነፋ ተለማመድኩ። ዋሽንቱን አፌ ላይ አደርጋለሁ፣ ዓይኔን እጨፍናለሁ፣ ዜማውን በሆዴ አወጣለሁ፣ ጣቶቼ ይከፍታሉ ይዘጋሉ። ሁሉም ሲዘጋ ወፍራም ድምፅ ነው፣ ሁሉም ሲከፈት ቀጭን ነው፤ መሀሉን እኔው በብልሃት አከፋፈልኩት። አስቸጋሪ ቦታ ስደርስ ጣቴን ግማሽ አነሣለሁ። ማን ይከለክለኛል? ድምፅ የለም። ቅዳሴ ቆሜ ጣቶቼ መቋሚያዬ ላይ ፊልም ይሠራሉ። አጠገቤ የሚቆሙት ቄስ መጀመሪያ ጸሎት መሰላቸው፤ በኋላ ግን አንድ እርምጃ ራቅ ብለው መቆም ጀመሩ። አንዲት የተገኘች እንግዳ ይዤ አሸተን ማርያም ስወጣም ከዘራዬ ላይ እለማመዳለሁ። ሴትዮዋ መንገዱን ሙሉ ጣቴን ስታይ ስታይ ቆይታ፣ ተራራው ወገብ ላይ ስናርፍ፣ አገሯ ለመንቀጥቀጥ በሽታ ጥሩ መድኃኒት እንዳለ በርኅራኄ ነገረችኝ። አመሰግናለሁ አልኳት። ምን ልበላት?

ሰሙነ ሕማማት ሲደርስ ከእኔ የሚበልጥ ዋሽንት ነፊ በዓለም አልነበረም። ጎድሎብኝ የነበረው ድምፅ ብቻ ነው።

ፋሲካ ሆነ። ዶሮው ተበላ። ጎረቤቶች ተሰብስበዋል፤ እኔ ተነሣሁ፣ ጉሮሮዬን ጠረግሁ፣ ትርንጎን በድሮ ዓይኔ አየኋትና ነፋሁ። የመጀመሪያው መስመር ወጣ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ወጣ። ፈረሱ ኮርቻውን ጭኖ ከበረቱ ወጣ። ወዲያው ግን መታጠፊያው ላይ ስደርስ ጣቴ እንደለመደው ተነሣ፣ ድምፁ ግን ሌላ ነው። ደገምኩ፤ ሌላ ነው። ፈረሱ ወደ ሜዳው በመሄድ ፈንታ ታጥፎ ወደ አገር ቤት ሄደ። ጨረስኩ። ጎረቤታችን እትዬ ሙሉ ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉና፣ ለመሆኑ የማን መታሰቢያ ነው አሉ።

«ፈረሱስ?» አለች ትርንጎ።

«የትኛው ፈረስ?»

«እኔ የማውቀው በፈረስ ሲሄድ ነው። ይሄኛው ሰውዬ ከገበያ በእግሩ የሚመለስ ነው።»

ቅዳሜን እንዴት እንደጠበቅሁት። አያ ፈንታው ፊት ቆሜ፣ የተበላሸ ዕቃ ሸጥክልኝ ብዬ ጀመርኩ። ሰው ተሰበሰበ። አያ ፈንታው ዋሽንቱን ተቀበለኝና ነፋው፤ እንዴት ያለ ድምፅ! ሸምበቆው እኔን ሊያሳጣኝ ብሎ ነው እንጂ እንዲህ ችሎ ኖሯል። ዜማውን አንጎራጉርልኝ አለኝ። በገበያ መሀል አንጎራጎርኩለት፤ በርበሬ ሻጮቹ እስኪስቁ ሁለት ጊዜ አስደገመኝ።

«ሁለቱ ድምፆች እዚህ ውስጥ የሉም» አለ።

«የት ሄዱ?»

«አልነበሩም። ዋሽንት አምስት ድምፅ ነው የሚሰጥህ፤ ያንተ ፈረንጅ ሰባት ነው የፈለገ። አራት ወር ሙሉ ብትነፋ አታገኛቸውም።»

«እኔማ ጭራሽ አልነፋሁም። ሁዳዴ ነበር።»

አያ ፈንታው ይህን ሲሰማ ጆንያው ላይ ተደፍቶ ሳቀ። ሳልነፋ መለማመዴን ለጎኑ ነገረ፣ ጎኑ ለጎኑ ነገረ፣ እኔ ቆሜ ሳለሁ ወሬው ጌሾ ተራ ደርሶ ተመለሰ። ለምን አልነገርከኝም ብዬ ብጠይቀው፣ አንዱ ይበቃኛል ያልክ አንተ ነህ አለ።

«ግን ምን ያስጨንቅሃል» አለኝ ሲበርድለት፣ «እነሱ ጋ ስትደርስ ዝለላቸው። ማን ያውቅብሃል?»

«ልጄ ታውቃለች።»

አያ ፈንታው እጁን ወደ ጆንያው ከተተ። ከዚያ ሌላ ዋሽንት ሸጠልኝ።

ሁለተኛው ዋሽንት ላይ አንዷ የጠፋች ድምፅ አለች። ስለዚህ በአንዱ ጀምሬ፣ መታጠፊያው ላይ ስደርስ ሁለተኛውን ላነሣ፣ ከዚያ ወደ መጀመሪያው ልመለስ። በወሬ ደረጃ ድንቅ ነው። በተግባር ግን ሁለተኛውን ሳነሣ ጥርሴን መታሁት፣ ሦስተኛው ሙከራ ላይ ከንፈሬ ተላጠ፣ ፈረሱም መሀል መንገድ ላይ ቆሞ ነጂው ጫማ እስኪቀይር የሚጠብቅ መሰለ። እሺ፣ ቀዳዳ ልጨምር አልኩ። ሰው ከአለት ቤተ ክርስቲያን ፈልፍሎ ባወጣበት አገር እኔ ሸምበቆ ላይ አንድ ቀዳዳ ያቅተኛል? ምስማር በከሰል አግዬ ሁለተኛው ዋሽንት ላይ ጫንኩት። ጭሱ ወጣ፣ ቀዳዳው ወጣ፣ ከዚያም ሸምበቆው ከላይ እስከ ታች ተሰነጠቀና ወጣልኝ። ትርንጎ ስንጥሩን አንሥታ እሳት ለማቀጣጠል ተጠቀመችበት። በደንብ ነደደ። ከዚያ ዋሽንት ያገኘሁት ጥቅም እሱ ብቻ ነው።

በዚህ መሀል ሐረግ በደወለች ቁጥር እንዴት ነው ትለኛለች። ጥሩ ነው እላታለሁ። እስኪ ትንሽ አሰማኝ ትላለች። ኔትወርኩ ይቆራረጣል እላለሁ፤ እግዜር ይይለትና ያን ሰሞን ኔትወርኩ እንደ ምንጭ ውኃ የጠራ ነው።

የሰርጉ ቀን ደረሰ። ዳሱ ሞልቷል። ከደላንታ የመጡት ሚዜዎች ጨፍረው ጨፍረው የግቢያችንን አቧራ ወደ ጎረቤት አሻግረውታል። መሸኛው ሰዓት ሲደርስ ዋሽንቴን ከኮቴ ውስጥ አወጣሁ። ሙዚቃ የሚያጫውተው ልጅ ሮጦ መጣና ጆሮዬ ሥር፣ ጋሼ፣ ዋናው ፍላሽ ላይ አለኝ፣ እኔ እለቀዋለሁ፣ እርስዎ አፍዎ ላይ ብቻ ይያዙት አለኝ።

እስኪ ፍረዱኝ። እኔ ሁዳዴን ሙሉ አፌ ላይ ብቻ ስይዘው ከርሜ የለም እንዴ? ከዚህ በላይ አፍ ላይ መያዝ አለ? ሂድ ወዲያ ብዬ አባረርኩት።

ሐረግ በቬሎዋ ቆማለች። እኔ ፊቷ ቆምኩ። ሙሽራ የሚወስደው መኪና ከኋላዋ ይታየኛል፤ ጎማው ይታየኛል። እግሬን በላኝ። ዓይኔን ጨፍኜ ነፋሁ።

አንድ ነገር ወስኜ ነበር። አልዘልም። መዝለል ውሸት ነው። የጠፉት ድምፆች ጋ ስደርስ ቆሜ ቦታቸውን እተውላቸዋለሁ፤ ማዕድ ላይ ለዘገየ ሰው ቦታ እንደሚተወው። ቦታቸው ላይ ደረስኩ፤ ዝም አልኩ። የደላንታ ሰዎች ያለቀ መስሏቸው እልልታውን አቀለጡት። ቆይ አላለቀም ለማለት አፌን ሸምበቆ ይዞታል። ቀጠልኩ። የሙሽራው አክስት፣ ድምጻቸው ዳስ የሚነቅል ሴትዮ፣ ብድግ አሉ።

«ይሄማ የኛ አገር ዜማ ነው» አሉና ግጥም ጣሉበት፤

ላስታና ደላንታ ቅርብ ነበር አሉ፣
ልጅን የዳሩ ለት ተራሮች በቀሉ።

ዳሱ ተቀበላቸው። እጅ ይጨበጨባል፣ ትከሻ ይወርዳል። ደሜ ፈላ። የእናንተ አይደለም፣ የፊልም ነው፣ ፈረስ አለበት፣ መስኮት አለበት ብዬ እንደ ሥራዬ ላስረዳ ፈለግሁ። ግን ግጥሟን ሰምቼ ባቆም ከአፌ ምን እንደሚወጣ አላውቅም። ነፋሁ። እንደገና መታጠፊያው ደረሰ። እንደገና ዝም አልኩ። ዳሱም፣ አሁን ለምዶኝ ይሁን ምን ይሁን፣ አብሮኝ ዝም አለ።

ከሙሽራዋ ዓይነ ርግብ ሥር ሁለቱ ድምፆች መጡ።

በአፍንጫዋ ነው ያወጣቻቸው፤ ቀስ ብላ፣ ልክ በቦታቸው። ዓይኔን ገለጥኩ። ሐረግ መሬት መሬቱን ታያለች። ነፋሁ፤ ቦታው ደረሰ፤ ተውኩላት፤ ሞላችው። ፈረሱ ሄደ። ከቪዲዮ ቤቱ ዘመን ጀምሮ እንዲህ አድርጎ ሄዶ አያውቅም። ትርንጎ እንደ ድሮዋ ሆነች። እኔ አላለቀስኩም፤ ከንፈር ሲሾል ዓይን ውኃ ይገፋል፣ የዋሽንት ጠባይ ነው፣ አያ ፈንታውን ጠይቁ።

መኪናው ውስጥ ገብታ መስኮቱን ዝቅ አደረገች።

«አባዬ» አለችኝ፣ «አልዘለልክም።»

እና ይኸው በደሌ። መጀመሪያ ነገር፣ ዜማው ተወስዷል። ደላንታ ውስጥ አሁን ሰርግ በተደገሰ ቁጥር ያንን ነገር ይሉታል አሉ፤ ግጥሙ በዝቷል፣ ከአያቶቻችን የወረስነው ነው የሚሉም ተነሥተዋል። አንድ ከዚያ የመጣ ሾፌር እኔኑ ሊያስተምረኝ ሞክሯል። ሁለተኛ፣ ልጄም ተወስዳለች። ሁለቱን ድምፆች ይዛብኝ ሄዳለች፤ እኔ እዚህ የቀረሁት ከነቀዳዳው ነው።

እሑድ እሑድ ትደውላለች። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አቁሜ እነፋላታለሁ። ቦታቸው ጋ ስደርስ አቆማለሁ። ያ ኔትወርክ ደግሞ፣ ስዋሽበት እንደዚያ ጠርቶ የነበረው፣ አሁን የልጄን ድምፅ በየተራራው ጫፍ እያሳረፈ ነው የሚያመጣው። ቆሜ እጠብቃለሁ። ውሻው ይጠብቃል።

«ምነው፣ አለቀ እንዴ?» ትላለች ትርንጎ ከጓዳ።

«ዝም በይ» እላታለሁ፣ «ልጄ መንገድ ላይ ናት።»